«አውርደው» እና የየሺ ሚኒባስ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ፣ በመንገድ ሥራ ጋራዥ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የለበስሁት ኮት ግራጫ ነበር። ይህን የማስታውሰው ኮቱ ያማረ ስለ ነበር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ግራጫ መሆኑ ስላበቃ ነው።

የጋራዡ ኃላፊ አቶ ተገኘ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ሲያነጋግሩ የሰውን ፊት ሳይሆን የሰውን እጅ የሚያዩ ሰው ነበሩ። እጄን አዩና፣ «ኢንጂነር፣ ያ ገልባጭ ተሠርቶ አልቋል። እየው፤ ደህና ከሆነ ይውጣ» አሉኝ።

ገልባጩ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ገባሁ። ጭነቱን የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች፣ የባሌስትራዎቹ፣ ጎሚኒዎች አዲስ ናቸው። ጎሚኒ ማለት፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተያዘ ወፍራም ጎማ ነው። በውስጠኛው ቀለበት ብሎን ያልፋል። የመኪናው እግር ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በዚህ ጎማ በኩል ነው። መንገዱ ሲመታ ጎማው በጥቂቱ ይጠማዘዛል፤ ከዚያም ወደ ቦታው ይመለሳል። ብረት ከብረት ጋር እንዳይማታ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ጎሚኒዎቹ ደህና ነበሩ። ነገር ግን ብሎኖቹ በሙሉ የጠበቁት መኪናው እንደ ተሰቀለ ነበር።

ወጣሁና፣ «አቶ ተገኘ፣ ብሎኖቹን እናላላቸውና መኪናው ይውረድ። ከወረደ በኋላ ይጥበቁ» አልሁ።

«ምን ልዩነት አለው? የጠበቀ ብሎን ያው የጠበቀ ነው።»

«የተሰቀለ መኪና እግሩ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁኔታ ካሰርነው፣ ሲወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል። ተጠምዝዞ የሚኖር ጎማ ደግሞ ይቀደዳል።»

የገልባጩ ሹፌር ከዳር ቆሞ ሲሰማ ነበር። «ጎበዝ! አዲሱ ኢንጂነር የተማረው መኪና ማውረድ ነው!» አለና ጋራዡን በሳቅ ሞላው። አቶ ተገኘም ክሪኩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያው አውርደው» አሉኝ። አወረድሁት። ኮቴ ያለቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «አውርደው» ሆነ። ኢንጂነር አውርደው።

በሁለተኛው ዓመት ከአቶ ተገኘ ጋር የባሰ ተጋጨን። ባዶ ገልባጭና ጠጠር የጫነ ገልባጭ ቁመታቸው አንድ አይደለም። የእኛዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ተሸክመው የሚውሉ ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻው ማጥበቅ ጠጠር ተጭኖ ይሁን አልሁ።

«ጠጠር የምንጭነው ለመንገዱ ነው እንጂ ለብሎን አይደለም» አሉ።

«ብሎኑም የሚሠራው መንገዱ ላይ ነው» አልሁ።

አንዱን ገልባጭ ጠጠሩ ወደሚጫንበት ቦታ ወስጄ፣ ሞልቼ፣ እዚያው አጠበቅሁት። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ሌሎቹ ለጎሚኒ ተመልሰው መጡ፤ ያ ገልባጭ አልመጣም። አቶ ተገኘ «ትክክል ነበርህ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አንድ ማለዳ ግን በጋራዡ መካከል ቆመው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጎሚኒ የተቀየረለት መኪና ሁሉ ጠጠሩ ዘንድ ሄዶ ይጥበቅ» ብለው ጮኹ። ከአለቃ የሚገኝ ምስጋና ከዚህ አይበልጥም፤ ለእኔም በቂዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እዚህ አልዘረዝራቸውም። ጡረታ ወጣሁ። ከጓሮዬ ጋራዥ ውስጥ «ፎሳ» የሚባለውን፣ ሰው ገብቶ መኪናን ከሥር የሚሠራበትን ጉድጓድ ቆፈርሁ። ግድግዳውን በጥርብ ድንጋይ አስገነባሁ፤ ደረጃና የውኃ መውረጃም አበጀሁለት። ሰው ሁሉ ለምን እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ባለቤቴን፣ «ምነው እትዬ አስካለ፣ ጋሼ መቃብራቸውን ከወዲሁ ነው እንዴ የሚቆፍሩት?» ሲላት ሰማሁ።

«አይደለም» አለች አስካለ። «መቃብሩ ቢሆን ኖሮ ልኩን ሲያስተካክል እስካሁን አይጨርስም ነበር።»

የሺ ወደዚያ ጉድጓድ የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። የሺ ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ የሚመላለስ ሚኒባስ ባለቤትም ሹፌርም ናት። በወንድሟ መኪና ረዳት ሆና ጀመረች፤ ገንዘብ አሰባስባ ይህችን አሮጌ ሚኒባስ ገዛች። በመናኸሪያው ሴት ሹፌር እርሷ ብቻ ናት። ድምፅዋ ግን የሁሉንም ሹፌር ድምፅ ይተካል።

«ጋሼ፣ ጉድጓድዎ ባዶ ነው?» አለች ከበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍሬን ስይዝ ከሥር ‹ቋ› ይላል። መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል። የፊት ጎማዬ ደግሞ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ያልቃል።»

«ጎሚኒ አስቀይረሻል?»

«አስቀይረሻል ይሉኛል! ጋሼ፣ ከልጄ ጫማ ይልቅ የመኪናዬን ጎሚኒ ቶሎ ቶሎ የምቀይር ሴት ነኝ። ይቀየራል፣ ይቀደዳል። ጋራዦቹ ዕቃው ፎርጅድ ነው ይሉኛል። ዕቃ ሻጩ ጋራዦቹ አያውቁም ይለኛል።»

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ አቅርባት ነበር። መርማሪው በብረት ሲያወዛውዛት ያ ድምፅ ተሰማ። «ከዚህ ድምፅ ጋር ተመልሰሽ ከመጣሽ ቦሎ አልለጥፍልሽም» ብሏታል። ቦሎ የሌለው መኪና ስምሪት አያገኝም፤ ስምሪት የሌለው ሚኒባስ ደግሞ የቆመ ቆርቆሮ ነው። ለመመለስ የቀሯት ሦስት ቀናት ብቻ ነበሩ። አንድ የደምበጫ ሰው እህል ሊያመላልስባት ሊገዛት ፈልጎ በየቀኑ ይደውላል።

«ካልሆነች ለእሱ እሰጣታለሁ» አለች። «እኔም ተመልሼ የሰው ረዳት እሆናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በር ላይ ተንጠልጥዬ!»

«ዕቃው አለ?»

«አለ። አዲስ ገዝቻለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ።»

«እንግዲያው ነገ በማለዳ አምጪያት።»

በማግስቱ መኪናዋን ከፎሳው በላይ አቆምናት። የኋላ ጎማዎቿን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደገፍሁ፤ ፊቷን በክሪክ አንሥቼ በብረት መደገፊያ ላይ አስቀመጥሁ፤ ጎማዎቿን ፈታሁ። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን የብረት ክንዶች፣ ብራቾ የምንላቸውን፣ አወጣሁ። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ወደ ብርሃን አቅርቤ አየኋቸው።

አራቱም ተቀደዋል። የተቀደዱት ግን እንደ ፎርጅድ ዕቃ በየፊናቸው ተፈርፍረው አልነበረም። በቀኝ ያሉት ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ፣ በግራ ያሉት ሁለቱ የእርሱ ተቃራኒ በሆነ አቅጣጫ፣ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ተቀደዋል። ምክንያቱን ጠረጠርሁ፤ አልተናገርሁም። ያላረጋገጥሁትን መናገር ልማዴ አይደለም።

የሺ አጠገቤ ቆማ ትቁነጠነጣለች። «ጋሼ፣ ጋራዥ እኮ አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥለው ነው የሚያወጡት። ቶሎ ይወጣል።»

«እሳት ጎሚኒውን ለይቶ ብራቾውን አይተውም። ብረቱም ይጎዳል።»

«እሺ በመዶሻስ?»

«መዶሻው ያለው እዚያ ነው። እዚያው ይቀመጥ።»

በቤት ውስጥ መጭመቂያ ማሽን የለም፤ አያስፈልግምም። ረጅም ብሎን፣ በጫፉ የሚዞር ዳዶ፣ ሮንዴላ የሚባሉ ወፍራም ክብ ብረቶችና ከጎሚኒው ጥቂት ሰፋ ያለ የቧንቧ ቁራጭ ይበቃል። ቧንቧው በአንድ ወገን ብራቾውን ይደግፋል፤ ሮንዴላው በሌላው ወገን ጎሚኒውን ይገፋል፤ ብሎኑ በመካከላቸው ያልፋል። ዳዶው በጠበቀ ቁጥር አሮጌው ጎሚኒ እየተንሸራተተ ወደ ቧንቧው ይገባል። አይጮኽም፤ አይሰበርም፤ ይወጣል።

የሺ የመጀመሪያው ሲወጣ አይታ፣ «ኧረ ይኼ ጥርስ እንደ መንቀል ነው!» አለች።

«ጥርስ የሚነቅል ሰው በመዶሻ አይጀምርም።»

ቀዳዳዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። አዲሱን ለማስገባት የሺ ግራሶ ይዛ መጣች። ግራሶ ለብረት ነው፤ ጎማን ግን ያበሰብሳል። የልብስ ሳሙና በውኃ አራስሁና ቀባሁት። ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሲደርቅም ጉዳት የለውም። አስካለ ከመስኮት ሆና፣ «ያ ሳሙና የነገ እንግዶች እጅ መታጠቢያ ነበር!» አለች። በማግስቱ የማርያም ማኅበራችን ጽዋ እኛ ቤት ነበርና ቤቱ በዝግጅት ላይ ነበር።

አዲሶቹ ጎሚኒዎች በዚያው ብሎንና ቧንቧ ገቡ። ጫፋቸው ላይ ያለውን ምልክት ከብራቾው ጋር እያስተካከልሁ አስገባኋቸው። አንደኛው ጥቂት ዞሮ ስለ ገባ አውጥቼ ደገምሁት። የሺ ወደ ሰማይ አየች። ብራቾዎቹን መልሼ ብሎኖቹን በእጄ ብቻ፣ ዳዶው እስኪነካ ድረስ፣ አስገባሁ። ከዚያ አስካለ ጠራችኝ።

«አንተ ሰውዬ! ለነገ አግዳሚውን የሚያወርደው ማን ነው? ጉድጓዱ ነው?»

እጄን ታጥቤ ሄድሁ። አግዳሚዎቹን ከጎተራው ላይ አውርጄ ስመለስ የሺ ከፎሳው ደረጃ ስትወጣ አገኘኋት። ፊቷ በላብ ወዝቷል። በቁልፉ እጀታ ላይ ጉልበት እንዲጨምር ረጅም የብረት ቱቦ ተሰክቷል።

«ጋሼ፣ ጨርሼልዎታለሁ!» አለች። «አራቱንም ግጥም አድርጌ አጥብቄያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ወደዚህ ጉድጓድ መውረድ የለብዎትም። ወገብዎን ያሳርፉ።»

ትልቅ ሰው እንዳይደክም ሥራውን ከእጁ መቀበል በእኛ አገር የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ አልተቆጣሁም። «እጅሽን ስጪኝ» አልኋት።

ግራ ገብቷት ሰጠችኝ። አንጓዋን ይዤ ወደ ውጭ ጠመዘዝሁት፤ ሳይጎዳት፣ ነገር ግን እስኪሰማት ድረስ።

«አሁን እንዲህ አስሬ እንደዚሁ ሥሪ፣ ብዪ፣ ጠጪ ብልሽስ?»

«ኧረ ይሰበራል!»

«መኪናሽ ተሰቅላለች። እግሮቿ ተንጠልጥለዋል። አንቺ አሁን እንደ ተንጠለጠሉ አሰርሻቸው። ስናወርዳት አካሏ ይወርዳል፤ ብራቾው ይነሣል፤ ጎማው ግን በብሎኑ ታስሯልና እንደ እጅሽ ይጠመዘዛል። ቆማ እያለች እንኳ ይጠመዘዛል። ሉማሜ እስክትደርሽ ደግሞ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይብስበታል።»

የሺ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች አየች። አንዱን አነሣች፤ የተቀደደበትን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ሌላውን። 

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ጋራዥ በሄድሁ ቁጥር ከአናታቸው ቆሜ ‹ጠበቅ አድርገው! ቱቦ ጨምርበት! በልብህ ነው እንዴ የምታጠብቀው?› የምለው እኔ ነኝ። እሷ ክሪክ ላይ እያለች። አንዱ እንዲያውም ‹ትውረድና› ብሎኝ ነበር። ‹ሰነፍ፣ ልትገላገለኝ ነው› አልሁት። እኔ ነኝ እንዴ የቀደድኋቸው?»

«አንቺ አጥብቁ አልሽ። መቼ እንደሚጠብቅ ማወቅ የባለሙያው ድርሻ ነው። እንዲያውም አንዱ ያውቅ ኖሯል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አልተናገረም።»

ድንገት ሳቀች። «ለዚህ ነው ‹አውርደው› የሚሉዎት! እኔስ ትርፍ ሰው ከመኪና የሚያስወርዱ ይመስለኝ ነበር። ጭነት የሚጠሉ!»

«ጭነት አልጠላም። እንዲያውም አሁን ጭነት ነው የሚያስፈልገኝ።»

ብሎኖቹን አላላናቸው። አንዱ በቱቦው ኃይል ተስቦ ጥርሱ ተበላሽቶ ነበር፤ ከብሎን ሣጥኔ ልኩን ፈልጌ ለወጥሁት። ጎማዎቹን አሥረን አወረድናት። ባዶዋን ቆመች። የሺ ግን ባዶ መኪና ነድታ አታውቅም፤ ሰው ሞልቶ፣ ጣራዋ ላይ ጆንያ ተጭኖ ነው የምትሄደው። በጋራዡ ዘመን ጠጠር ነበረኝ። በግቢዬ ጠጠር የለም። መሸ፤ ምርመራው ደግሞ ከበዓሉ ማግስት ጠዋት ነበር።

«በቃ፣ ባዶዋን ያጥብቋት» አለች የሺ በተስፋ መቁረጥ።

«ነገ ጭነት ይመጣል» አልኋት። «በእግሩ ይመጣል።»

በማግስቱ ጸሎት ተደርሶ፣ ጽዋው ተጠጥቶ፣ ማኅበርተኛው በልቶ ከጠገበ በኋላ ተነሥቼ ቆምሁ። ጉዳዩን አስረዳሁ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ጥበቡ ዞሩ። መሪጌታ የማኅበራችን አንጋፋ ናቸው፤ በበዓል ቀን መዶሻ እንዳይነሣ የሚጠብቁም እሳቸው ናቸው።

«መዶሻ አለበት?» አሉ።

«መዶሻ የለበትም። ቁልፍ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ካልሆነ ነገ ልጅቷ እንጀራዋን ታጣለች።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «በበዓል ቀን በግ ጉድጓድ ቢገባ ይወጣል። ዛሬ ጉድጓድ የሚገባው ሽማግሌ ነው፤ በግ ሳይሆን አይቀርም» አሉና መጀመሪያ ተሳፈሩ።

ማኅበርተኛው ተከተለ። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እየተገፋፉ ገቡ። እኔ ጎማዎቹ በድንጋይ መያዛቸውን፣ የእጅ ፍሬኑም መሳቡን አረጋግጬ ወደ ፎሳው ወረድሁ። ከላዬ መኪናዋ ቀስ በቀስ ዝቅ አለች። ብራቾዎቹ ወደ ልካቸው መጡ። በሕይወቴ ካየኋቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ነው፤ ሰው እየገባ ብረት ወደ ቦታው ሲሄድ ማየት።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! አራት አራት ነው!» ይላል አንዱ።

«ረዳት የለም እንዴ? ማን ሂሳብ ይሰበስባል?»

«ወራጅ አለ!»

«ማንም አይወርድም!» ስትል የሺ ከሹፌር ወንበር ሰማኋት። «ትርፍም አልጭንም፤ ትራፊኩ ከሥር ነው!»

«ትራፊኩ ጠላ ጠጥቷል?» አሉ መሪጌታ።

«አልጠጣም» አልሁ ከሥር። «ከሥራ በፊት አልጠጣም።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ ለዚህ መኪና በተወሰነው ልክ አጠበቅሁ። ቁልፉ «ቀጭ» ሲል አቆማለሁ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጉልበት ማሳየት እንጂ ሥራ አይደለም። በእያንዳንዱ ዳዶና በብረቱ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ሰመርሁ፤ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል።

ወጥቼ፣ «አመሰግናለሁ፤ ውረዱ» አልሁ። አንድም ሰው አልወረደም።

«ይህን ያህል ተጭነን ሳንጓዝ?» አሉ መሪጌታ። «ሂጂ ልጄ፣ ንጂው።»

የሺ እኔን አየችኝ። ድንጋዮቹን አነሣሁና እኔም ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ወደ ከተማው መውጫ ወጣን። ሰፊው መንገድ ላይ ስንደርስ ጠንከር አድርጋ ፍሬን ያዘች። ማኅበርተኛው ወደ ፊት ተንጋጋ፤ አንዱ «ኧረ ጠላው!» ብሎ ጮኸ። ከሥር ግን ምንም አልተሰማም። እንደገና ያዘች። ምንም። ከመሪው ላይ እጇን ለጥቂት ጊዜ አነሣች፤ መኪናዋ ወደ ግራ አልዞረችም፤ ቀጥ ብላ ሄደች።

የሺ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። ግንባሯን መሪው ላይ አደረገች። «ዝም አለች፣ ጋሼ» አለች። «ዝም አለች እኮ።»

በማግስቱ መርማሪው ከሥር ገብቶ በብረት አወዛወዛት። ደጋግሞ ሞከረ። ሲወጣ፣ «የት ነው ያሠራሽው?» አላት።

«ጉድጓድ ውስጥ» አለችው።

ቦሎው ተለጠፈ። የደምበጫው ሰው በዚያን ቀን ሲደውል ስልኩን አንሥታ፣ «ወንድሜ፣ እህልህን ልጭንልህ እችላለሁ፤ መኪናዬን ግን አልሸጥልህም» አለችው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሳ መጣች። ፎሳ ገባሁና አየሁ። ጎሚኒዎቹ ሙሉ ናቸው። ነጩ መስመር ጭቃ ለብሷል፤ ጠረግሁት፤ በአንዱም ብሎን ላይ አልተሰበረም።

በቅርቡ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ በኩል ሳልፍ የታወቀ ድምፅ ሰማሁ። የአንድ ሌላ ሹፌር ሚኒባስ ክሪክ ላይ ነበረች። መካኒኩ ከሥር ሆኖ ቁልፉን ይዟል። የሺ ከአናቱ ቆማለች።

«አውርደው!» ትላለች። «አታጥብቀው! አውርደው፣ ከዚያ ሰው ጫንበት!»

«እትዬ የሺ፣ አሁን ከየት ሰው ላምጣ?»

«እኛ ምንድን ነን?» አለችና በሩን ከፈተች። ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች እየሳቁ ይገቡ ጀመር።

ለሙያ ልጆቼ የምለው አንድ ነው። የጎሚኒ ብሎን መኪናው ተሰቅሎ እያለ በእጅ ብቻ ይገባል። የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ዘወትር የሚሸከመውን ተሸክሞ ሳለ ነው።